ማዮማ አለብኝ፤ ልጅ እወልድ ይሆን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ይድረስ ለሲስተር። ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው፤ ታይዋን ገበያ ውስጥ ልብስ እሸጣለሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ካገባሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ እስካሁን አላረገዝኩም። የወር አበባዬ ድሮ ከአራት ቀን አያልፍም ነበር፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ዘጠኝ፣ አሥር ቀን ይቆያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ሱቅ መክፈት አልችልም። ሞዴስ ሁለት ደርቤ፣ ጨርቅ ጨምሬበት እንኳ ባጃጅ ስሳፈር ከሥሬ ሻርፕ አነጥፋለሁ። ጉበት የመሰለ የረጋ ደም ይወርደኛል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ያዞረኛል፤ እኔ ግን የድሬ ሙቀት ነው እያልኩ ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣበት ከረምኩ።

በቅርቡ አልትራሳውንድ ታይቼ ሁለት ማዮማ እንዳለብኝ ተነገረኝ፤ አንዱ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ሄሞግሎቢኔ 8.4 ሆነ። ውጤቱን ያየልኝ ባለሙያ ብዙም ሳያነጋግረኝ «ካስቸገረሽ ማህፀንሽ ይወጣና ትገላገያለሽ» አለኝ። ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አማቴ «ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬልሻለሁ፤ ቢላዋ እንዳታስነኪ» ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ከገጠር የሚመጣ፣ በማህፀን የሚደረግ መድኃኒት አለ፣ ዕጢውን አሟሙቶ ያወርደዋል ትለኛለች። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ነገር ግን ችግሩ የእኔ መሆኑ ስለታወቀ እሱ መመርመር ያለበት አይመስለውም። ሲስተር፣ ይህ ነገር ካንሰር ነው? ማህፀኔ ሳይወጣ መዳን እችላለሁ? ልጅስ እወልድ ይሆን?

ከሳቢያን

መልስ

እህቴ፣ መጨረሻ ላይ የጠየቅሽኝን አስቀድሜ ልመልስልሽ። ማዮማ ያለባቸው ሴቶች ይወልዳሉ። በማዋለጃ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ማዮማ እንዳለባቸው ሳያውቁ አርግዘው፣ በሌላ ምክንያት በኦፕራሲዮን ሲወልዱ ዕጢው የታየላቸው እናቶች ጥቂት አልነበሩም። ያንቺም ነገር ያበቃለት አይደለም።

ካንሰርም አይደለም። ማዮማ ከራሱ ከማህፀን ጡንቻ የሚያድግ ዕጢ ነው፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዛመትም። ማዮማ መስሎ ካንሰር ሆኖ የሚገኝ ዕጢ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሲሆን በአንቺ ዕድሜ ደግሞ ይበልጥ ብርቅ ነው። ማዮማን የሚያሳድጉት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት የሴት ሆርሞኖች ናቸው፤ ስለዚህ ልጃገረዶች የወር አበባ ከማየታቸው በፊት አይታይም፣ ሴቶች ካረጡ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ እየኮሰሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጮቹ ደግሞ 70 በመቶ የሚጠጉት ማዮማ ይኖራቸዋል። አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ይህን የምነግርሽ የሠራሽው ጥፋት ያመጣብሽ ነገር አለመሆኑን እንድታውቂ ነው። የወሊድ መከላከያ ስለወሰድሽ ወይም ቦንዳ ልብስ ስለተሸከምሽ አልመጣም። ማንም እንዲህ ቢልሽ አትቀበይው።

አሁን እኔን ከ6 ሴንቲ ሜትሩ ይልቅ ያሳሰበኝ 8.4 ያልሽው ቁጥር ነው። ላላረገዘች ሴት ሄሞግሎቢን ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። አንቺ ከዚያ በጣም ዝቅ ብለሻል፤ ደረጃ ላይ ልብሽን የሚመታው፣ የሚያዞርሽም ይኸው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ነገር ስንቷን ሴት እንዳታለለ እኔ አውቃለሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከተማው በሙሉ ሲዝለፈለፍ፣ ደሟ ያለቀባትም ሴት በሙቀቱ ታሳብብና ዝም ብላ ትከርማለች። ከመልካ ጀብዱ፣ ከገንደ ቆሬ የሚመጡ እናቶች እጃቸውን ዘርግተው ሳይ መዳፋቸው ነጥቶ ወረቀት ሆኖ፣ «ሙቀቱ ነው ሲስተር» ይሉኝ ነበር። ሙቀት መዳፍ አያነጣም።

የአይረን ኪኒን ታዞልሽ እንደሆነ በደብዳቤሽ አልጠቀስሽም። ካልታዘዘልሽ በዚህ ሳምንት ሄደሽ ጠይቂ፤ ማዮማው ምን ይደረግ የሚለው እስኪወሰን አይጠብቅም። ከታዘዘልሽ ደግሞ አወሳሰዱን አስተካክዪ። እኛ በዚህ አገር ኪኒን የምንውጠው ቁርስ ላይ፣ በሻይ ወይም በሆጃ ነው። ሻይና ቡና አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል፤ ወተትም ይቀንሰዋል። ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀድመሽ በብርቱካን ጭማቂ ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ውሰጂው፤ ሻይሽን በኋላ ትጠጫለሽ። ሆድሽን ካቃጠለሽ አትተዪው፤ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድም ስለሚቻል ሐኪምሽን አማክሪ። ሰገራሽ ይጠቁራል፤ እሱ አያስደነግጥሽ። ቁጥሩ በአንድ ወር ገደማ ከፍ ማለቱን ታያለሽ፤ 12 ከደረሰም በኋላ የሰውነትሽ ክምችት እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል ትቀጥያለሽ። ጉበቱንም ምስሩንም ብይ፣ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ ይህን ያህል እየፈሰሰሽ በምግብ ብቻ 8.4ን መመለስ አይቻልም።

ለፍሰቱም መድኃኒት አለው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ኪኒን ደም በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ ይወሰዳል፤ ሆርሞን የለበትም፣ እርግዝናም አይከለክልም፤ ልጅ ለምትፈልግ ሴት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ከዚህ በፊት እግርሽ ላይ ወይም ሳንባሽ ውስጥ ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትወስጂው። የወሊድ መከላከያ ኪኒንና መርፌም ፍሰት ይቀንሳሉ፤ ችግሩ እነሱን እየወሰድሽ አታረግዢም። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት እየሞላ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ራስሽን ከሳትሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እስኪነጋ ልጠብቅ አይባልም።

ወደ ልጁ ነገር ልምጣ። «6 ሴንቲ ሜትር» ብለሽ ጻፍሽልኝ። የሚጽፉልኝ ሴቶች ሁሉ መጠኑን ይነግሩኛል፤ የት ቦታ እንዳለ የምትነግረኝ ግን የለችም፤ ምክንያቱም ለእሷም አልተነገራትም። ልጅ ለምትፈልግ ሴት ከመጠኑ ይልቅ ቦታው ነው የሚወስነው። ማህፀንሽን እንደ አንድ ክፍል ቤት አስቢው። ማዮማ ከግድግዳው በውጭ በኩል ሊበቅል ይችላል፤ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ወደ ክፍሉ ውስጥ ገፍቶ ይወጣል። ጽንስ የሚይዘው በክፍሉ የውስጥ ልስን ላይ ነው። በውጭ በኩል ያለው 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ ፊኛሽን ተጭኖ ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ያመላልስሽ ይሆናል እንጂ እርግዝናን አይከለክልም። ወደ ውስጥ የገፋው ግን ትንሽ ሆኖም ጽንሱ እንዳይይዝ ያደርጋል፣ ለውርጃ ያጋልጣል፣ ደምም ያበዛል። በግድግዳው ውስጥ ያለው የውስጡን ክፍል ካጣመመው ያስቸግራል፤ ካልነካው ጉዳቱ ይህን ያህል ነው በሚለው ላይ ሐኪሞችም አንድ አይደሉም።

አሁን ደብዳቤሽን እንደገና ስመለከተው፣ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ 6 ሴንቲ ሜትሩ ነው። ስለ 2 ሴንቲ ሜትሩ ማንም ምንም አላለሽም። የደምሽን ብዛትና የረጋውን ደም ሳስብ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚያ ስለ ትንሹ ነው። ወደ ውስጥ የገፋው እሱ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ትልቁን አውጥቶ ትንሹን መተው ለአንቺ ምንም አያደርግልሽም። ወረቀትሽን አውጥተሽ ተመልከቺ፤ «ሰብሙኮዛል» ከተባለ ወደ ውስጥ የገፋ፣ «ኢንትራሙራል» ከተባለ በግድግዳው ውስጥ፣ «ሰብሴሮዛል» ከተባለ በውጭ በኩል ያለ ማለት ነው። ሁለቱም ማዮማዎች በየራሳቸው ቦታቸው ካልተጻፈ ምርመራው አልተሟላም። በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ ከሆድ በላይ ከሚደረገው አጥርቶ ያሳያል፤ ካስፈለገም ማህፀን ውስጥ ጥቂት ንጹሕ የጨው ውኃ ተጨምሮ ይታያል። ያገባሽ ሴት ነሽና አትፈሪው፤ ትንሽ ያስጨንቃል እንጂ አያምም።

«ማህፀንሽ ይወጣና ትገላገያለሽ» ስለተባልሽው ያለኝን አቋም በግልጽ ልንገርሽ። ማህፀን ማውጣት ለማዮማ ትክክለኛ ሕክምና የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ወልዳ የጨረሰች፣ ደም ያሰቃያት፣ ራሷ አስባበት የወሰነች ሴት ተደርጎላት እፎይ ስትል አይቻለሁ። አንዲት ሴት ሕይወቷ ሊያልፍ ሲልም ይደረጋል። ነገር ግን ልጅ የምትፈልግ የ34 ዓመት ሴት ይህን የመጀመሪያ አማራጭ አድርጎ ሊነግራት የሚገባ ማንም የለም። ማህፀን ሳይነካ ዕጢው ብቻ ተለይቶ የሚወጣበት ኦፕራሲዮን አለ፤ ማዮሜክቶሚ ይባላል። እንደ ቦታው ሆድ ተከፍቶ ይሠራል፣ ወይም በትንንሽ ቀዳዳዎች በላፓራስኮፒ፤ ወደ ውስጥ የገፋው ደግሞ ሆድ ሳይነካ በማህፀን በር በኩል በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ሊወጣ ይችላል። ይህ የመጨረሻው በየሆስፒታሉ የማይገኝ ስለሆነ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሊያስፈልግሽ ይችላል። ሆድ ተከፍቶ የሚሠራውን ለመማከር ግን ሩቅ መሄድ የለብሽም፤ ድል ጮራ አለ፣ በደንገጎ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥተሽም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ።

ኦፕራሲዮኑን ከመረጣችሁ ሦስት ነገር ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ። ደሜ ከመሠራቱ በፊት ስንት ይድረስ? ምክንያቱም ማዮሜክቶሚ ደም የሚያፈስ ሥራ ነው፤ በ8.4 መግባት አይመከርም። የማህፀኔ የውስጥ ክፍል ይከፈታል ወይ? ይህ ወደፊት በምጥ ትወልጃለሽ ወይስ በኦፕራሲዮን የሚለውን ይወስናል። ደም አልቆም ካለስ ምን ታደርጋላችሁ? አልፎ አልፎ የሴትዮዋን ሕይወት ለማትረፍ ማህፀን የሚወጣበት አጋጣሚ ስላለ፣ ይህን ከወዲሁ በግልጽ ተነጋግራችሁ ልትገቢ ይገባል። አሳሳች ተስፋ ሰጥቼሽ ነገ እንድታዝኚብኝ አልፈልግም። ሌላም ልጨምር፤ ዕጢው ከወጣ በኋላ ከጊዜ በኋላ ሌላ ሊበቅል ይችላል፤ በውስጥ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ስለዚህ በውጭ በኩል ላለና ምንም ላላደረገሽ ማዮማ «ለማንኛውም ይውጣ» ተብሎ አይከፈትም።

የባለቤትሽ ነገር ሌላው ያሳሰበኝ ነው። ልጅ ካጡ ሴቶች መካከል ማዮማ የሚገኝባቸው ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው፤ ማዮማው ብቸኛው ምክንያት ሆኖ የሚገኘው ግን ከ100 በሁለት ወይም በሦስት ገደማ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ወይ ቱቦ ነው፣ ወይ እንቁላል በጊዜው አለመውጣት ነው፣ ወይ የወንዱ ዘር ነው። የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ግማሽ ያህሉን ቦታ ይይዛል። አንቺ ሆድሽ ተከፍቶ፣ ስድስት ወር አገግመሽ፣ ከዚያ በኋላ የእሱ ዘር አነስተኛ ነው ቢባል ማን ይክስሻል? የእሱ ምርመራ መርፌ እንኳ የለውም፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ነው። ይህን አምድ አንብቢለት። ወንድሜ፣ አንተንም ልጥራህ፤ ሚስትህ ቢላዋ ሥር ከመግባቷ በፊት አንተ ላቦራቶሪ ግባ። ያንቺም ቱቦ ክፍት መሆኑን የሚያሳየው፣ ቀለም ተጨምሮ የሚነሳው ራጅ ኤች ኤስ ጂ ይባላል፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንዲታይልሽ ጠይቂ።

አማትሽ የተሳሉት ወደው አንቺን ብለው ነው፤ በዚህ አትጣያቸው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ላይ ልጅ ታቅፈው ስለት ከሚያስገቡት እናቶች መካከል እኔ ራሴ ያዋለድኳቸው፣ ኦፕራሲዮን ተደርገው የወለዱም አሉ። ስለቱ ሕክምናውን አይከለክልም። ከቻልሽ በቀጠሮሽ ቀን አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ፤ ማህፀንሽ ሳይወጣ ዕጢው ብቻ ሊወጣ እንደሚችል ከሐኪሙ አንደበት ሲሰሙ ፍርሃታቸው ይቀንሳል።

የጎረቤትሽን መድኃኒት ግን ፈጽሞ አታስደርጊ። በማህፀን የሚደረግ ቅጠልም ሥርም ዱቄትም ማዮማን አያሟሟም። «ወረደ» የሚባለው ሥጋ መሳይ ነገር የቆሰለው የብልትሽ ሽፋን ነው። ተቃጥለው፣ መግል ይዘው፣ ትኩሳት አንቀጥቅጧቸው የመጡ ሴቶችን አክሜአለሁ። ያ ኢንፌክሽን ወደ ላይ ወጥቶ ቱቦ ይዘጋል፤ ማዮማው ያልከለከለሽን ልጅ እሱ ይከለክልሻል።

ጊዜም አትስጪው። ከ35 ዓመት በታች ያሉ ባልና ሚስት አንድ ዓመት ሞክረው ካልሆነ፣ ከ35 በላይ ከሆኑ ደግሞ ስድስት ወር ሞክረው ካልሆነ መመርመር አለባቸው። እናንተ አራት ዓመት አልፏችኋል። አይረኑን በዚህ ሳምንት ጀምሪ፣ የማዮማዎቹን ቦታ በዚህ ወር አስለዪ፣ ባለቤትሽም በዚሁ ወር ይመርመር። ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርገሽ ያዢ፤ ሐኪም ብትቀይሪ ከዜሮ እንዳትጀምሪ። ሁሉም ታይቶ ሳይሆን ቢቀር እንኳ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና የሚሰጥበት ማዕከል አለ፤ ውጤቶችሽን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ። ውጤቱ ሲመጣ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ

ሲስተር፣ ባለቤቴ 36 ዓመቷ ነው። ከሦስት ወር በፊት ማዮማ በኦፕራሲዮን ወጣላት፤ አምስት ነበሩ። ሐኪሙ ለእርግዝና ስድስት ወር ጠብቁ ብሎናል። እናቴና እህቶቼ «ዕድሜዋ እየሄደ ነው፣ ተመልሶ ሳይበቅል ቶሎ ይሁን» ይላሉ። የማንን እንስማ? ስትወልድስ በምጥ ትችላለች?

ከከዚራ፣ ባለቤት

መልስ

ወንድሜ፣ ሐኪሙን ስሙ። ማህፀን ጡንቻ ነው፤ ተቆርጦ ተሰፍቷል። ስፌቱ ሳይጠነክር ጽንስ ከያዘ፣ በኋላ ሆድ ሲገፋ ወይም ምጥ ሲመጣ ማህፀኑ ሊተረተር ይችላል፤ ይህ እናትንም ልጅንም የሚያሳጣ ነው። ለብዙዎች ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይባላል፤ ሥራው ጥልቅ ከነበረ ይረዝማል። የሠራት ሐኪም ውስጡን በዓይኑ ያየው እሱ ነው፤ ስድስት ያለው አይቶ ነው። በዚህ ሦስት ወር ውስጥ ማዮማ እርግዝናን የሚከለክል ያህል ተመልሶ አያድግም፤ ለእናትህ ይህን ንገርልኝ። ግንኙነት ግን ቁስሉ ከዳነና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ መከላከያ ይዛችሁ ትችላላችሁ።

ስለ ምጡ፣ የኦፕራሲዮኑን ማጠቃለያ ወረቀት ጠይቃችሁ ውሰዱ። የማህፀኑ የውስጥ ክፍል ተከፍቶ ከነበረ፣ ወይም ግድግዳው በጥልቀት ተቆርጦ ከነበረ፣ ምጥ ሳይጀምራት በቀጠሮ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። ወረቀቱን ስታረግዝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለክትትል የምትሄድበት ቦታ ትስጣቸው። ይህ ወረቀት ጠፍቶ፣ ምጥ ላይ ያለችው ሴት ምን እንደተሠራላት ማንም ሳያውቅ የቀረበት ሌሊት አሳልፌ አውቃለሁና አደራ እላለሁ። ስድስቱ ወር ሲያልፍ ደግሞ ዕድሜዋ ከ35 ስላለፈ፣ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ሳትቆዩ ሁለታችሁም ተመለሱ። አይረንና ፎሊክ አሲድም ከወዲሁ ትጀምር፤ ፎሊክ አሲድ ከእርግዝናው በፊት ሲወሰድ ነው ለልጁ አከርካሪ የሚጠቅመው።

ጥያቄ

የተከበርሽ ሲስተር፣ ሐረር ኤረር በር አካባቢ ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ልጄን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በሦስተኛው ወር አልትራሳውንድ ስታይ 7 ሴንቲ ሜትር ማዮማ ተገኘብኝ። ባለፈው ሳምንት በድንገት በአንድ በኩል ሆዴን እንደ ቢላ ወጋኝ፤ ሁለት ቀን ተኛሁ። አሁን ቀለል ብሎኛል። ሰዎች ማዮማው የልጁን ደም ይሻማል፣ ልጁን ይበላዋል፣ ወይ ይውጣ ወይ ጽንሱ ይውረድ ይሉኛል። በጣም ፈርቻለሁ።

ከሐረር

መልስ

ልጄ፣ ማዮማ ልጅ አይበላም፤ የልጁም ምግብ በእንግዴ ልጁ በኩል ነው የሚመጣው። ማዮማ ኖሮባቸው ካረገዙት አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ዕጢው በእርግዝና ጊዜ የግድ ያድጋል ማለት አይደለም፤ ካደገም በብዛት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ አንቺ ያንን አልፈሻል። የወጋሽ ነገር፣ አንዳንዴ ዕጢው የሚበቃውን ደም ሳያገኝ ሲቀር በውስጡ የሚደርቀው ክፍል የሚያመጣው ሕመም ነው፤ በአምስት ወር ገደማ የተለመደ ነው፤ በእረፍት፣ በውኃና በፓራሲታሞል በጥቂት ቀናት ይበርዳል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትውጪ፤ በእርግዝና ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።

ቢሆንም ቀለለኝ ብለሽ ሳትታዪ እንዳትቀሪ። የትርፍ አንጀትም የእንግዴ ልጅ መላቀቅም እንዲሁ ሊጀምር ስለሚችል አንድ ጊዜ መታየት አለብሽ። ትኩሳት፣ ደም፣ የሚፈስ ውኃ፣ ወይም እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት ካለሽ በዚያው ሰዓት ሂጂ። ማዮማው አሁን ይውጣ የሚልሽን ሰው አትስሚ፤ እርጉዝ ማህፀን ላይ ዕጢ መንካት ብዙ ደም ያፈስሳል፤ በኦፕራሲዮን ብትወልጂ እንኳ ሐኪሞች በዚያው አብረው ማውጣቱን ከተቻለ ይተዉታል።

መውለጃሽን ግን ከአሁኑ ወስኚ። 7 ሴንቲ ሜትር ማዮማ ልጁ በእግር ወይም በአግድም እንዲመጣ ሊያደርግ ይችላል፤ ከወለድሽ በኋላም ማህፀኑ በደንብ ስለማይኮማተር ደም ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ አይደለም፣ ጤና ጣቢያም አይደለም፤ ኦፕራሲዮንና ደም በሚገኝበት ሆስፒታል ነው የምትወልጂው፤ ለአንቺ ሕይወት ፋና ቅርብሽ ነው። የደም ዓይነትሽን ክትትል ካርድሽ ላይ አስጽፊ። በ32 ሳምንት ገደማ አልትራሳውንድ ደግመሽ ታዪና የልጁ አመጣጥና ማዮማው ከማህፀን በር ያለው ርቀት ይነገርሽ። ከቤተሰብ ደም የሚሰጡሽ ሁለት ሰዎች ከወዲሁ ተነጋግረው ይዘጋጁ፤ ሌሊት ቢመጣብሽ የሚያደርስሽን ሰው ስልክም በበሩ ጀርባ ጽፈሽ ለጥፊ።